በቁጥር የተወሰኑ መጻሕፍት፦ ቁጥሩን ነው የምገዛው ወይስ መጽሐፉን?

የለቃሚ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁም። ነገሩ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ከሦስት ዓመት ወዲህ ከትንንሽ ማተሚያ ቤቶች የሚወጡ፣ በቁጥር የተወሰኑ መጻሕፍት እየሰበሰብኩ ነው። ለማያውቀው ባጭሩ ልንገረው። ሁለት ወይም ሦስት ሰው የሚሠራበት ማተሚያ ቤት አንድ መጽሐፍ ይመርጣል። 100 ወይም 250 ወይም 500 ቅጂ ብቻ ያትማል። በእያንዳንዱ ቅጂ ላይ ቁጥሩ በእጅ ይጻፋል፣ ደራሲው ወይም ሠዓሊው ይፈርምበታል፣ ካለቀ አለቀ። ከነዚህ ከፍ ብለው በቁጥር ሳይሆን በፊደል የሚለዩ አሉ። ብዙ ጊዜ ከኤ እስከ ዜድ 26 ናቸው። በቆዳ ይደጎሳሉ፣ የራሳቸው ሳጥን አላቸው፣ ዋጋቸውም የሌላውን አራትና አምስት እጥፍ ይሆናል።

እኔን ወደዚህ ያመጣኝ ግን ፊርማም ቁጥርም አይደለም። አባቴ አዲስ አበባ ውስጥ ፊደል ለቃሚ ነበር፣ ፊደሎች ከእርሳስ ብረት ተሠርተው አንድ በአንድ እየተለቀሙ ለህትመት በሚደረደሩበት ዘመን ማለቴ ነው። ማታ ቤት ሲገባ የቀኝ እጁ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ሁሌም ጥቁር ነበሩ። በሳሙና ቢታሹም አይለቅም። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ የመጽሐፍ ትርኢት ላይ በእርሳስ ፊደል የታተመ መጽሐፍ ገልጬ ጣቴን በገጹ ጀርባ ሳስኬድ፣ ፊደሎቹ ወረቀቱን ገፍተው የወጡበት ቦታ ተሰማኝ። እዚያው ቆሜ እንባዬ መጣ። መጽሐፉን በ180 ዶላር ገዛሁት። በዚያው ጀመርኩ።

አሁን 14 ደርሰዋል። ሁለት ነገር ግን አስጨንቆኛል።

አንደኛ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ ማተሚያ ቤት "በስድስት ወር ይደርሳል" ስላለኝ 420 ዶላር ቅድሚያ ከፈልኩ። እስከ ዛሬ የለም። መጀመሪያ "ወረቀቱ ዘገየ"፣ ቀጥሎ "ጠራዡ ታመመ"፣ አሁን ለኢሜይሌ መልስም የለም። ስማቸውን እዚህ አልጠራም።

ሁለተኛ፣ በጣም የምወደው ሌላ ማተሚያ ቤት አዲስ ሥራ እያወጣ ነው። በቁጥር ያለው 245 ዶላር፣ በፊደል ያለው 1,100 ዶላር። ያለፈውን መጽሐፋቸውን ስለገዛሁ ቅድሚያ የመግዛት መብት አለኝ። እስከ ወር መጨረሻ መወሰን አለብኝ። ባለቤቴ "የምትገዪው ቁጥሩን ነው መጽሐፉን?" አለኝ። ቀና ሰው ነው፣ ሊያናድደኝ ብሎ አይደለም። እኔ ግን መልስ አጣሁ። እናንተ ምን ትላላችሁ?

ቀይ ቀለም

እህቴ፣ ባለቤትሽ የጠየቀው ትክክለኛውን ጥያቄ ነው። እኔ 12 ዓመት ሰብስቤ ይህን ራሴን የጠየቅኩት ዘግይቼ ነው።

በኔ እይታ ቁጥር የሚመጣው ከተለያየ ቦታ ነው። ከየት እንደመጣ ሳታዪ አትክፈይ።

ከሥራው የሚመጣ አለ። እንግሊዛዊውን ገጣሚና ንድፍ ሠሪ ዊልያም ሞሪስን እንይ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። በ1888 ለንደን ውስጥ ኤመሪ ዎከር የሚባል ሰው ስለ ጥንት ህትመት ንግግር አደረገ። የድሮ ፊደሎችን አጉልቶ ግድግዳ ላይ በብርሃን አሳየ። ሞሪስ ያንን ካየ በኋላ የራሱን ፊደል መንደፍ ጀመረ፣ በ1891 ኬልምስኮት ማተሚያ ቤትን አቋቋመ። ወረቀቱ በእጅ የተሠራ፣ ማተሚያው በእጅ የሚጎተት። ትልቁ ሥራቸው የጥንቱ እንግሊዛዊ ገጣሚ የቾሰር ድርሰቶች ስብስብ ነው፣ በ1896 ወጣ። 425 በወረቀት፣ 13 በብራና። በርን ጆንስ የሠራቸው 87 ሥዕሎች አሉበት። ሞሪስ መጽሐፉን በእጁ ይዞ አይቶ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ሞተ። እያንዳንዱ ገጽ በሰው ክንድ ተጎትቶ ነው የታተመው። 425 ላይ ጨምር ብትይው ሌላ ክንድና ሌላ ዓመት ይጠይቅሻል። ይህ ቁጥር እውነተኛ ነው።

ከገዢ ማጣት የሚመጣም አለ። በ1939 ዊስኮንሲን ውስጥ ኦገስት ደርሌትና ዶናልድ ዋንድሬ የሚባሉ ሁለት ጸሐፊዎች የሟች ወዳጃቸውን፣ የአስፈሪ ታሪክ ጸሐፊውን የላቭክራፍትን ታሪኮች የሚያሳትምላቸው አጡ። ስለዚህ አርካም ሃውስን ራሳቸው አቋቋሙ። የመጀመሪያውን መጽሐፍ 1,268 ቅጂ አሳተሙ፣ ዋጋው 5 ዶላር። ያንን ሸጦ ለመጨረስ ዓመታት ፈጀባቸው! ዛሬ የወረቀት ልባሱ ያልተቀደደ ቅጂ በሺዎች ዶላር ይሸጣል። ማንም ሰው "እናሳንሰው፣ ይወደድ" ብሎ አላሰበም። ጓደኛቸው እንዳይረሳ ነው የፈለጉት።

ሌላው ከሻጩ ጠረጴዛ የሚመጣ ነው። መጽሐፉ ትልቅ ፋብሪካ ውስጥ በኦፍሴት ይታተማል። 10,000 ማተም ይቻል ነበር፣ ግን 500 ይታተምና ቁጥር ይጻፍበታል። ይህም ወንጀል አይደለም። ሥዕሉ ቆንጆ፣ ወረቀቱ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ዋጋው ግን በእጅ ከተሠራው እኩል ሲሆን ቆም ብዬ አስባለሁ።

ደግሞ ቁጥር 1 ከቁጥር 250 በተሻለ አልታተመም። ይህን ልብ በይ። ለዝቅተኛ ቁጥር ተጨማሪ የሚከፍሉ ሰዎች አሉ፣ እኔ አንድም ቀን አልከፈልኩም።

ለገሃር 58

ይቅርታ፣ እኔ ግን አልተስማማሁም። ከልቤ ነው የምጽፈው።

1,100 ዶላር ለአንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ? የኛ መጻሕፍት እየጠፉ እኮ ነው! አዲስ አበባ ነው ያለሁት። ለገሃርና ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ጋ በየሳምንቱ እዞራለሁ። የአማርኛ ልብወለድ የመጀመሪያ እትም ሽፋኑ ተገንጥሎ፣ የመጀመሪያዎቹ አራት ገጾች ጠፍተው፣ በላስቲክ ታስሮ አገኛለሁ። "ፍቅር እስከ መቃብር" በ1958 ዓ.ም. ነው የወጣው። የዚያን ጊዜውን ቅጂ ለማግኘት ስንት ዓመት እንደፈለግኩ እኔና የለገሃር ሻጮች ነን የምናውቀው። ስሜንም ከዚያ ነው የወሰድኩት። ሳገኘው ጀርባው ተሰንጥቆ ነበር፣ ግን ሙሉ ነው፣ አንድ ገጽ አልጎደለም።

የነዚያ መጻሕፍት ቁጥር ማንም ሳይወስነው የተወሰነ ነው። ዝናብ ወሰነው፣ አይጥ ወሰነው፣ ስኳር መጠቅለያ ያደረገው ባለሱቅ ወሰነው። ገንዘብ ያለው የኛ ሰው በውጭ አገር ሆኖ ሆን ተብሎ ጥቂት የተደረገ ነገር ሲያሳድድ ሳይ አንጀቴ ይቃጠላል። ሌላም አለኝ። መጽሐፍ እንዲነበብ ነው የሚጻፈው። 250 ብቻ ማተም አንባቢን በር ላይ መመለስ አይደለም ወይ?

የለቃሚ ልጅ

ለገሃር 58፣ ቃልህ ገብቶኛል፣ አልተቀየምኩም። አባቴ የለቀማቸው መጻሕፍት ውስጥ አንዱ እንኳ እጄ ላይ የለም። የትኞቹን እንደለቀመም በሙሉ አያስታውስም። አንተ የምታገኛቸውን እነዚያን መጻሕፍት እሱ ወይ ጓደኞቹ ለቅመዋቸው ይሆናል። ብታገኝና ብትሸጥልኝ ደስ ይለኛል፣ በቁም ነገር ነው።

ስለ አንባቢው ያነሳኸው ግን እኔንም ያሳስበኛል።

ቀይ ቀለም

ለገሃር፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው፣ ምሳሌም አለው። በ1982 ዶናልድ ግራንት የሚባል ትንሽ አሳታሚ የአሜሪካዊውን ደራሲ የስቲቨን ኪንግን "ጋንስሊንገር" አወጣ። 10,000 ተራ ቅጂ፣ 500 የተፈረመ። በሚሊዮን ለሚነበብ ደራሲ ይህ ከምንም አይቆጠርም። ብዙ አንባቢ መጽሐፉ መኖሩንም አላወቀም። በ1983 ሌላ ልብወለዱ ሲወጣ ከፊት ባለው የሥራዎቹ ዝርዝር ውስጥ ስሙ ታየ። ከዚያ ደብዳቤ ጎረፈ። "ይህ መጽሐፍ የት ነው የሚገኘው?" የሚል። ሰው ተቆጣ፣ እውነቱን ነው። በኋላ በርካሽ እትም ወጣ።

ስለዚህ የኔ ደንብ ይህ ነው፦ ጽሑፉ ሌላ ቦታ በርካሽ የሚገኝ ከሆነ ውስን እትሙ ማንንም አይጎዳም። አብዛኞቹ ትንንሽ ማተሚያ ቤቶች የሚያትሙት በ10 ዶላር ወይም በነጻ የሚገኝ ጽሑፍ ነው። የሚጨምሩበት ሥራውን ነው። ጽሑፉ ሌላ ቦታ ከሌለ ግን ካንተ ጋ ነኝ።

ጠራዡ

ልጆቼ፣ እንደምን አላችሁ። እዚህ ብዙ አልጽፍም። ይህ ግን የኔ ሙያ ነው። እንግሊዝ አገር ከ20 ዓመት በላይ መጽሐፍ ስጠርዝና ሳድስ ኖሬያለሁ።

የለቃሚ ልጅ፣ 1,100 ዶላር ከመክፈልሽ በፊት የመጨረሻውን ገጽ እዪ። የኛ ጸሐፍት ብራናው መጨረሻ ላይ ማን እንደጻፈው፣ ማን እንዳጻፈው፣ በማን ዘመን እንደሆነ ያስቀምጡ የለ? እነዚህም እንደዚያው ያደርጋሉ። ጥሩ ማተሚያ ቤት እዚያ ገጽ ላይ የፊደሉን ስም፣ ወረቀቱን፣ ማን እንደለቀመ፣ ማን እንዳተመ፣ ማን እንደጠረዘ፣ ስንት ቅጂ እንደሆነ በዝርዝር ይናገራል። "ይህ ከ250 ቅጂ ቁጥር 88 ነው" ብቻ ብሎ ካቆመ እኔ ጥያቄ አለኝ። የሠራው ሰው ስም የት ሄደ?

ቀጥሎ አንድ ገጽ ይዘሽ ቀስ ብለሽ ግለጪ። ወረቀቱ ክር እንዳለው ጨርቅ አቅጣጫ አለው። አቅጣጫው ከመጽሐፉ ጀርባ ጋር ትይዩ ከሆነ ገጹ ይተኛል። ከተቃረነ ይቆማል፣ መጽሐፉም ተከፍቶ አይቀመጥልሽም። ውድ ዋጋ ያላቸው፣ የወርቅ ጠርዝ ያላቸው መጻሕፍት ይህን ስተው አይቻለሁ። ከዚያ መሐሉን ክፈቺና ክሩን ፈልጊ። የተሰፋ ነው ወይስ በሙጫ ብቻ የተያያዘ? በሙጫ ብቻ ከሆነ ጊዜ ሲሄድ ገጾቹ እንደ ቅጠል ሊረግፉ ይችላሉ። ቆዳ የለበሰ መሆኑ ይህን አያድነውም።

ስለ ስፌት ካነሳሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እዚህ የጥረዛ ትምህርት ቤቶች ውስጥ "የኢትዮጵያ ጥረዛ" ተብሎ የሚሰጥ ትምህርት አለ። ሁለት የእንጨት ገበታ፣ ገበታዎቹ ይበሳሉ፣ ክሩ ከገበታው ተነስቶ ጥራዙን ከጥራዝ በሰንሰለት እያያዘ ይሄዳል። ጀርባው ላይ ሙጫ የለም። ተከፍቶ ጠፍጣፋ ይተኛል። የኛ ካህናት ከዋንዛና ከወይራ ገበታ፣ ከጅማት ክር ይሠሩት የነበረው ነው። አንዳንድ ትንንሽ ማተሚያ ቤቶች ዛሬ ይህንን ስፌት ለውድ ቅጂዎቻቸው ይጠቀሙበታል። የአባ ገሪማ ወንጌል በካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን መሀል የተሠራ መሆኑ ታውቋል። እኔ እዚህ በመጀመሪያው ቀን መምህሩ ያንን ስፌት ሰሌዳ ላይ ሲስል፣ የመንደሬ ደብር ዳዊት ፊቴ ላይ መጣብኝ። የመጻሕፍቱ ሳጥንም ያው ነው። እነሱ ዛሬ በብዙ ዶላር የሚያሠሩት ሳጥን፣ የኛ ማኅደር ነው። የኛው እንዲያውም ማንገቻ አለው፣ ትከሻ ላይ ይንጠለጠላል።

ሌላ ታሪክ ላክልላችሁ፣ ቀይ ቀለም ኤመሪ ዎከርን ስላነሳ። ዎከርና ኮብደን ሳንደርሰን በ1900 ዶቭስ ማተሚያ ቤትን አቋቋሙ። ሳንደርሰን እንደኔ ጠራዥ ነበር። ሥራቸው ጌጥ የለውም፣ ሐረግ የለውም። አንድ የፊደል ቅርጽ ብቻ፣ ንጹህ ገጽ፣ አልፎ አልፎ ቀይ መነሻ ፊደል። በ5 ጥራዝ ያወጡት መጽሐፍ ቅዱስ 500 ቅጂ ነው። ሁለቱ ተጣሉ። ፊደሉ ከሳንደርሰን ሞት በኋላ ለዎከር እንዲሆን ተስማምተው ነበር። ሳንደርሰን ግን ለማንም ማሽን እንዳይውል ብሎ ከ1916 እስከ 1917 በሌሊት እየተመላለሰ የእርሳስ ፊደሉን በሙሉ ከሃመርስሚዝ ድልድይ ቴምዝ ወንዝ ውስጥ ጣለው። ከአንድ ቶን በላይ እርሳስ! ሽማግሌ ሰው ነው፣ በኪሱና በሳጥን እያደረገ። በ2014 ጠላቂዎች ገብተው 150 ያህሉን አወጡ። እኔ ያንን ድልድይ ስሻገር ሁልጊዜ ወደታች አያለሁ። ሰውዬው ፊደሉን የወደደበትን መጠን አውቃለሁ፣ ያደረገውን ግን ይቅር ልለው አልቻልኩም። ሌላው ሰው የደከመበትን ነው የጣለው።

ራይን ዳር

ጋሼ ጠራዡ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ይህን ለልጆቼ ላነብላቸው ነው።

ከጀርመን ነኝ። ስለ ቅድሚያ ክፍያው ልጨምር። እኔም አንድ ጊዜ ተቃጥያለሁ። አሁን ሦስት ነገር ሳላይ አልከፍልም። ያለፈው መጽሐፋቸው ለገዢዎች ደርሷል ወይ? የዚህኛው ገጾች ታትመው ፎቶ አውጥተዋል ወይስ የኮምፒዩተር ሥዕል ብቻ ነው የሚያሳዩት? ጠራዡ ማን ነው፣ ስሙ ተገልጿል? የፊርማ ገጾቹ ተፈርመው ካልተመለሱ ደግሞ ገና ሩቅ ነው ማለት ነው። መዘግየት በዚህ ሥራ የተለመደ ነው፣ አንድ ዓመት መዘግየት አያስደነግጠኝም። ዝም ማለት ነው የሚያስደነግጠው። በካርድ ከከፈልሽ ባንክሽን ዛሬውኑ ጠይቂ፣ ለአቤቱታ የሚሰጡት ጊዜ የተወሰነ ነው።

ሌላው፣ ማይንስ ቅርቤ ነው፣ የጉተንበርግ ከተማ። የሱን መጽሐፍ ቅዱስ እዚያ ሙዚየም ውስጥ አይቻለሁ። እዚያ ቆሜ ያሰብኩት ግን ሌላ ነገር ነው። በግእዝ የመጀመሪያው የታተመ መጽሐፍ፣ መዝሙረ ዳዊት፣ በ1513 ሮም ላይ ነው የታተመው። ፊደላችን እርሳስ የሆነው ያኔ ነው። ከ500 ዓመት በላይ ሆነው ማለት ነው። በአማርኛ እንዲህ ያለ በእጅ የታተመ ውስን እትም አሁን የሚሠራ ሰው አለ? ቢኖር ገዢ እሆን ነበር።

አዲስ ገባ

ሰላም። ዱባይ ነኝ፣ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ማንበብ እወዳለሁ። ከደሞዜ ቀንሼ 90 ዶላር አስቀምጫለሁ። በዚህ ገንዘብ መጀመር ይቻላል ወይስ ለኔ አይሆንም? ደግሞ ክፍሌ ጠባብ ናት፣ ኤሲው ቀን ከሌት ይሠራል፣ ሲጠፋ ደግሞ ወበቅ ነው። መጽሐፍ ይበላሻል ወይ?

ጠራዡ

የኔ ልጅ፣ ለምን አይሆንም! ይሆናል እንጂ።

መጽሐፍን የሚጎዳው ሙቀቱና እርጥበቱ አንድ ጊዜ ከፍ አንድ ጊዜ ዝቅ ማለቱ ነው። እርጥበቱ ከ40 እስከ 50 በመቶ ቢሆን ጥሩ ነው። ትንሽ መለኪያ በርካሽ ይገኛል። የኤሲው ንፋስ በቀጥታ እንዳይነካው አድርጊ። ከውጭው ግድግዳ ራቅ አድርገሽ አስቀምጪ። ፀሐይ የጀርባውን ቀለም በአንድ በጋ ይበላዋል። በፌስታል አትጠቅልዪው፣ ላብ ይይዛል። በንጹህ ጥጥ ጨርቅ ጠቅልለሽ ሳጥን ውስጥ ብታደርጊው ይበቃል። ነጭ ጓንት አያስፈልግም፣ ጣትሽን ያደነዝዘዋል፣ ገጽ ትቀጃለሽ። እጅሽን ታጥበሽ አድርቀሽ ያዢው። ቆዳ ከሆነ ቅባት አትቀቢው፣ ማንም ቢመክርሽ።

ቀይ ቀለም

አዲስ ገባ፣ በ90 ዶላር የምመክርሽ አዲስ የሚወጣውን አይደለም። ያገለገለ ግዢ። ጆርጅ ሜሲ የሚባል ሰው በ1929 ኒውዮርክ ውስጥ "ሊሚትድ ኢዲሽንስ ክለብ" አቋቋመ። በየዓመቱ 12 መጽሐፍ፣ ከእያንዳንዱ 1,500 ቅጂ፣ ለአባላት ብቻ። በዓለም ላይ ካሉ ጥሩ አታሚዎችና ሠዓሊዎች ጋር ሠርቷል። የአየርላንዳዊውን ደራሲ የጆይስን ልብወለድ "ዩሊሲስ"፣ ሠዓሊው ማቲስ ሥዕል ሠርቶለት በ1935 አወጣ። 1,500ውን ማቲስ ፈረመ፣ 250ውን ደግሞ ጆይስም ጨምሮ። እሱ በጣም ውድ ነው፣ እሱን ተዪው። ሌሎቹ ግን ብዙ ናቸው፣ ሰው ስለማያሳድዳቸው ከ40 እስከ 80 ዶላር የሚገኙ አሉ። የተሰፉ፣ ጥሩ ወረቀት ያላቸው፣ የተፈረሙ። ሻጩን የጀርባውንና የመጨረሻውን ገጽ ፎቶ ጠይቂ። ሰገባው (መጽሐፉ የሚገባበት ሳጥን) ቢሰነጠቅ ግድ የለሽም፣ መጽሐፉ ደህና ከሆነ ዋጋው ይቀንስልሻል። እሽጉ ደግሞ ሁለት ካርቶን ይሁን፣ አንዱ በአንዱ ውስጥ። ማዕዘኑ የሚጎዳው መንገድ ላይ ነው።

ማኅደር

ራይን ዳር ለጠየቅከው መልስ ይሆን እንደሆነ። አትላንታ ነኝ፣ ግራፊክ ዲዛይነር ነኝ። ጋራዤ ውስጥ አሮጌ ቫንደርኩክ ማተሚያ አለኝ። የሠርግ ካርድ ነው የማትምበት።

የእርሳስ ፊደል በግእዝ ማግኘት ከባድ ነው። ለምን መሰለህ? ለእንግሊዝኛ ትልቁና ትንሹ ተደምሮ 52 ፊደል ነው። የኛ 33 በ7 ቢባዛ 231፣ ዲቃላ ፊደሎቹ (እንደ ሏ ያሉት)፣ ቁጥሮቹ፣ አራት ነጥቡና ነጠላ ሰረዙ ሲጨመሩ ከ250 ይበልጣል። ከእያንዳንዱ ደግሞ ብዙ ፍሬ ያስፈልግሃል። ክፍሉ በፊደል መደርደሪያ ይሞላል።

ግን ዛሬ ብዙዎቹ ትንንሽ ማተሚያ ቤቶችም በእርሳስ አይሠሩም። ጽሑፉ በኮምፒዩተር ይደረደራል፣ ፎቶፖሊመር በሚባል ፕላስቲክ ላይ በብርሃን ይቀረጻል፣ ያ ማተሚያው ላይ ይለጠፋል። ወረቀቱን እንደ እርሳስ ፊደል ይገፋዋል። ባለፈው ዓመት አንድ ገጽ አማርኛ በዚህ መንገድ አትሜ ለጓደኞቼ 60 ቅጂ ሰጥቻለሁ። "ጸ" ከነአንገቷ ጥጥ ወረቀት ላይ ጠልቃ ስትታይ እንዴት እንደምታምር በቃል አይነገርም። ስለዚህ ይቻላል። የጎደለው ሰው ነው፣ ገንዘብም ትንሽ። 16 ገጽ፣ 100 ቅጂ፣ በጋሼ ጠራዡ ስፌት ብናደርገው እኔ ማተሚያዬንና ጉልበቴን እሰጣለሁ።

ለገሃር 58

እንዲህ ከሆነ እኔም አለሁበት። ጽሑፍ መምረጡን ለኔ ተዉልኝ። የባለመብት ችግር የሌለበት፣ እንደገና ያልታተመ፣ ግን መነበብ ያለበት አገኛለሁ። አንድ ነገር ግን እለምናለሁ፦ ከ100ው ውስጥ 20ው አዲስ አበባ ላሉ ቤተ መጻሕፍት በነጻ ይሁን። ጽሑፉም ለሁሉም በነጻ ይለቀቅ።

የለቃሚ ልጅ፣ ቅድም ከበድ አድርጌ ጽፌ ከሆነ ይቅርታሽን። አባትሽ በየትኛው ዓመት አካባቢ እንደሠሩ ንገሪኝ። ከጀርባ ገጹ ላይ ማተሚያ ቤቱንና ዓመቱን እያየሁ ሳገኝ አስቀምጥልሻለሁ።

ጠራዡ

መቶ ጥራዝ መስፋት እችላለሁ። ዓይኔ ገና ደህና ነው።

የለቃሚ ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዘግይቼ የመጣሁት አባቴ ዘንድ ስለነበርኩ ነው።

መጀመሪያ ባንኩ። ጊዜው አልፏል አሉኝ። 420ው ሄዷል፣ ትምህርቱን ወስጃለሁ።

ከዚያ ለማተሚያ ቤቱ ጻፍኩ። በ245ቱና በ1,100ው መሀል ልዩነቱ ምንድን ነው ብዬ በቀጥታ ጠየቅኩ። ወረቀቱ አንድ ነው፣ ህትመቱ አንድ ነው፣ ስፌቱ አንድ ነው አሉኝ፣ በታማኝነት። ልዩነቱ ቆዳውና ሳጥኑ ነው። የ245ቱን አዘዝኩ። ቀሪውን ማኅደር ለሚያትመው አስቀምጫለሁ፣ እዚህ በአደባባይ ቃሌን ሰጥቻለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ግን ሌላ ነገር አደረግኩ። ያንን የመጀመሪያውን፣ የ180 ዶላሩን መጽሐፍ ይዤ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ለሦስት ዓመት ያላሳየሁት "ይህን ሁሉ ገንዘብ" ይለኛል ብዬ ፈርቼ ነው። መስኮቱ ጋ ወንበሩን አስጠግቶ ተቀመጠ። አላነበበውም። ገጹን ወደ ብርሃኑ ዘንበል አድርጎ አየ፣ ገለበጠ፣ ጀርባውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ሦስተኛው ገጽ ላይ አንዲት ፊደል ላይ ቆመና "ይቺ አርጅታለች፣ መቀየር ነበረባት" አለኝ። እኔ ስንት ጊዜ አይቼው ልብ ያላልኩትን። እውነቱን ነው፣ ትንሽ ተበልታለች።

ጋሼ ጠራዡ ባሉት መሠረት የመጨረሻውን ገጽ ከፈትኩለት። "ፊደሉን የለቀሙት" ብሎ የሁለት ሰው ስም አለ። አባቴ በእንግሊዝኛ ቀስ እያለ ሁለቱንም ስሞች ጮክ ብሎ አነበባቸው። ደግሞ አነበባቸው። በሥራ ዘመኑ ሁሉ ስሙ የተጻፈበት መጽሐፍ አንድም የለም።

ከዚያ "በቀን ስንት ገጽ ይለቅማሉ?" ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም። ሰኞ ለማተሚያ ቤቱ ኢሜይል ልኬያለሁ፣ እስካሁን አልመለሱም። በየቀኑ ስልክ ይደውልልኛል፣ መልስ መጣ ወይ እያለ። እንደመጣ እዚህ እጽፋለሁ።

ለገሃር 58፣ ዓመቱን ጠይቄዋለሁ። ከ1955 እስከ 1972 ዓ.ም. ነው።